ውሃ የማይጠጣ ሞተር እንዴት ይዝጋል?

የአባቴ ቮልስ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሆዷ ውስጥ ውሃ አልዞረም። ሞተሯ ከውስጥ ዛገ ቢሉኝ ኖሮ እስቅ ነበር። ትናንት ግን አልሳቅሁም።

በሐምሌ መጀመሪያ መካኒኩ ሞተሩን አውርዶ ፈታው። ረዳቱ እያንዳንዱን ዕቃ በቤንዚን አጥቦ እንደ ሰርግ ቤት ሳህን አብረቀረቀው። እኔ ሞኙ «ጎበዝ!» ብዬ የሻይ ሰጠሁት። ቤንዚን እኮ ከቆሻሻው ጋር ብረቱን የሚጠብቀውን ዘይትም ይዞ ይሄዳል! ከዚያ በኋላ መልሶ ዘይት የቀባ የለም። ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙረት የሚቀይረው ዘንግ) እና አራቱ ሲሊንደሮች ራቁታቸውን በካርቶን ተከተው በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ተቀመጡ። የፒስተን ፋሻው፣ ያ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ «ነገ ይመጣል» ሲባል ነሐሴ አለቀ።

ካርቶኑን ስከፍት ሲሊንደሮቹ ውስጥ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስላል። ክራንክ ሻፍቱ ላይ ደግሞ የሰው አራት ጣት በዝገት ታትሞ ቀርቷል፤ ላብ ጨው አለዋ። አሻራው የማን እንደሆነ ለማወቅ ፖሊስ አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ይህ ምን ይባላል?»

«የላይ የላዩን ነው ልጄ፤ ብርጭቆ ወረቀት እናስነካዋለን።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሲሊንደሮቹስ ይሁን፤ አዲስ ፋሻ ሲገባ ውስጣቸው በድንጋይ መታሸቱ አይቀርም። ክራንክ ሻፍት ግን የጠቆረ ድስት አይደለም! ያ 55 ሚሊሜትር አንገት፣ የዘንጉ ልሙጥ ክብ ቦታ፣ ብሮንዝ በምንለው ለስላሳ ማቀፊያ ውስጥ የሚዞረው በመቶኛ ሚሊሜትር በሚቆጠር ክፍተት፣ ዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። በእጅ ሲፋቅ ክብነቱን ያጣል። ከወረቀቱ የሚረግፈው አሸዋ ደግሞ ለስላሳው ብሮንዝ ላይ ተሰክቶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ጥፍሬን በአንገቶቹ ላይ አስኬድሁ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ለስላሳ ናቸው፤ ዝገቱ ከቀለም አያልፍም፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ይለቃል። አንዱ ግን ጥፍሬን ያዘ። ተበልቷል። እንግዲህ ማሽን ቤት ሄዶ ሩብ ሚሊሜትር ሊላጥ ነው፤ እኔም በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዝ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ልዞር ነው። ይህ ሁሉ ለአንድ ስኒ ዘይት!

ክራንክ ሻፍቱን ዘይት በጠጣ አቡጀዲ ጠቅልዬ ቤት ወሰድሁት። አሁን ያለው አልጋችን ሥር ነው። ባለቤቴ «ምኑ ነው የሚሸተው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ነው ብያታለሁ።