ተማሪው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተንጣለለው የደንቢያ ሜዳ የተነሣ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም ሊያወጣ አልነበረም የታሰበው። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን አንድ ላይ አስተምሮ፣ ገና ተማሪ ሳሉ በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። የሐኪም ትምህርት ጎንደር የገባው ከ24 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በምሥራቅ ጀርመን ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ገጠሩ ቀደመ፣ ዋርዱ (የሆስፒታሉ ማስተኛ ክፍል) ተከተለ።

ጅማም እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈትባት ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ መላክን የትምህርቱ ሁሉ ምሰሶ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ በኋላ የተከፈቱት የክልል ካምፓሶች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ጊዜ የተጨመሩትን 13 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጨምሮ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙ ቀድተዋል። ዛሬ «ማኅበረሰብ ተኮር» የማይል ሥርዓተ ትምህርት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

ታዲያ አካባቢው ከካምፓሱ ምን አተረፈ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ሆስፒታሉ ነው። ሲቲ ስካኑ፣ ስፔሻሊስቱ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ለሚሊዮኖች የመጨረሻው ማረፊያ እሱ ነውና። ነገር ግን ሆስፒታል በር ላይ የሚታየው ታሞ መንገዱን የቻለ ሰው ብቻ ነው። ካምፓሱ ለአካባቢው መጥቀም አለመጥቀሙን የሚለዩት ሁለት ነገሮች ለምረቃ ንግግር የሚበቁ አይደሉም፦ ተማሪው ወደ ሄደበት ቀበሌ ተመልሶ ይሄዳል ወይ? የሪፈር ወረቀቱስ ወደ መጣበት ጤና ጣቢያ ይመለሳል ወይ?

ከቀበሌው እንጀምር። ሲቢቲፒ የሚባለው፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሰጠው የመስክ ትምህርት ከታችኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ይሰጣል። ተማሪዎቹ የቀበሌውን ካርታ ይሥላሉ፣ ቤት ይቆጥራሉ፣ መጠይቅ ያስሞላሉ፤ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ቀጥለው ዕቅድ ያወጣሉ፣ የቻሉትን ይሠራሉ፣ ይገመግማሉ። ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና ደግሞ መመረቂያ ሲቃረብ ነው፤ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የሚድዋይፍ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ለሳምንታት አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው እየኖሩ ይሠራሉ። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

መሬት ላይ የመጀመሪያው ብልሽት ቆጠራው ነው። አንድ ቀበሌ በአማካይ 5 ሺህ ያህል ሰው አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለት ባለሙያዎች ይመደቡለታል፤ ጤና ኬላው ውስጥም ለየቤቱ የቤተሰብ ፎልደር አለ። ማን እንደወለደ፣ ማን ክትባት እንደጀመረ፣ የማን ቤት መጸዳጃ እንዳለው እዚያ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ግን ይህን ሳይከፍቱ ከቤት ቤት እየዞሩ ያንኑ እንደ አዲስ ይጠይቃሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን መጥቶ ይደግመዋል። ሦስተኛው ቡድን ሲመጣ እናቶች መጸዳጃ «አለን» ማለት ጨዋታውን ቶሎ እንደሚጨርሰው ያውቃሉ። መረጃው የተበላሸው ተማሪው ሰንፎ አይደለም፤ የሚጠየቀው ሰው ከጥያቄው ምንም ሲወጣ ስላላየ ነው።

መድኃኒቱ ቆጠራውን ትቶ ፎልደሩን መመርመር ነው። ከጤና ኬላው መዝገብ በዕጣ 19 ቤት ይወጣል። ተማሪዎቹ 19ኙን ሄደው ያያሉ፤ ፎልደሩ «ክትባት ጨርሷል» ያለው ሕፃን ካርዱ ላይ ጨርሷል ወይ? መጸዳጃው ቆሟል ወይስ በክረምቱ ተንዷል? የቀበሌው ዕቅድ 80 በመቶ ከሆነ ከ19ኙ ቢያንስ 13ቱ ማሟላት አለባቸው፤ ከዚያ ካነሰ ዕቅዱ አልተመታም ማለት ነው (የ19 ሰማንያ በመቶ ወደ 15 ነው፤ መስመሩ 13 ላይ የወረደው ለዕጣው አጋጣሚ ቦታ ለመተው ነው)። 19 ቤት መቶኛ ለማስላት አይበቃም፣ ለዚያም አልተፈለገም፤ ለባለሙያዋ የት ቦታ እንደምትሮጥ ለመንገር ግን ይበቃል። አንድ ቡድን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የተረፈው ጊዜ ለሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው ብልሽት ቅደም ተከተል ማውጫው ላይ ነው። ልማዱ አምስት መመዘኛ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ችግር እስከ 5 ነጥብ መስጠት ነው፦ የችግሩ ስፋት፣ ክብደቱ፣ መፍትሔው የሚቻል መሆኑ፣ የማኅበረሰቡ ሥጋት፣ የመንግሥት ትኩረት። አራተኛው ዓምድ የማኅበረሰቡ ነው፤ የሚሞላው ግን ማደሪያ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት፣ በተማሪዎቹ እጅ ነው። ስለዚህ ቀበሌው ቆላም ይሁን ደጋ አንደኛ የሚወጣው የደረቅ ቆሻሻ አወጋገድ ወይም የመጸዳጃ ጉዳይ ነው፤ ፖስተር ለመለጠፍ ይመቻልና። የቀበሌው ሰው ቢጠየቅ ምናልባት ማታ ምጥ ለያዛት ሴት መጓጓዣ እንደሌለ፣ ወይም የምንጩ ውኃ በበልግ እንደሚደፈርስ ይናገር ነበር። ይህን ዓምድ ለሕዝብ ስብሰባ መተው ምንም ወጪ የለውም። በአምስት ችግሮች ፊት አምስት ቅርጫት አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት የባቄላ ፍሬ መስጠት በቂ ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ድምፁን ይሰጣል። ሴቶቹ ለብቻቸው፣ ወንዶቹ ለብቻቸው ቢቆጠሩ ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው መኪና አያስገባም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ለደጋው ጎንደር አካባቢ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ይሻላል። በዚያም ጊዜ ቢሆን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሄደ ተማሪ የሚያገኘው ሕፃናትን ነው። ገበሬው በማይሠራበት ቀን፣ በወሩ 12፣ 21፣ 23 ወይም 29፣ ከቅዳሴ በኋላ መሄድ ግማሹን ድካም ያስቀራል። የእስልምና ተከታዮች በሚበዙበት አካባቢ ዓርብ ከሰዓት ይሆናል። የትምህርት ክፍሎች የመስክ መርሐ ግብር ሲያወጡ ግን የሚያዩት የፈተና ካላንደሩን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው መጨረሻው ነው። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ይጠረዛል፣ ለአማካሪ መምህሩ ይቀርባል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስለ እሱ የተጻፈውን ያ ቀበሌ ማንበብ አይችልም። ቡድኑ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቀበሌ ስለሚመደብ፣ እዚያ የሚመጣው ቡድንም አዲስ ስለሆነ፣ መልሶ የሚያነበው የለም። መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ሳይለጠፍ ለተማሪዎቹ ውጤት አይሰጥም ማለት ነው፤ ምን ተገኘ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ። ሁለተኛ፣ አንድ ቡድን በሁለተኛ ዓመቱ የያዘውን ቀበሌ እስከ ኢንተርንሺፕ (የመጨረሻው ዓመት የሆስፒታል ልምምድ) አይለቅም ማለት ነው። በሁለተኛ ዓመቱ ያስቆፈረው ጉድጓድ በሦስተኛው ዓመት ምን እንደሆነ ሄዶ ያየ ተማሪ፣ ጣልቃ ገብነት የሚሉት ነገር ለምን እንደሚከሽፍ ሌላ ሰው አያስረዳውም።

ካምፓሱ ባለበት ቦታ ብቻ የሚሰጥ ትምህርትም አለ። ጎንደር የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ የትኩሳት በሽታ) አገር ደጃፍ ናት። በየዓመቱ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሰሊጥ ሊያርም፣ ሊያጭድ ሄዶ በዋልካ መሬት፣ በግራር ሥር ያድራል፤ አሸዋ ዝንቧ የምትነድፈው እዚያ ነው። ትኩሳቱ የሚነሣበት ግን ብዙ ጊዜ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በሽታው በማይጠረጠርበት የደጋ ወረዳ ነው። ጤና ጣቢያው የወባ ምርመራ ያደርግለታል፤ የለም። አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ከሳምንታት በኋላ ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶ፣ ደሙ አንሶ ሪፈራል ሆስፒታል ይደርሳል። እዚያማ ማዕከልም ልምድም አለ፤ አርኬ 39 በሚባለው ፈጣን የደም ምርመራ ይለያል፣ ኤችአይቪ ይመረመራል፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ለ17 ቀን በየቀኑ በመርፌ ይወስዳል። የጠፋው ሳምንት የጠፋው ታች ነው። ለቲቲፒ ቡድን ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል? በተመደበበት ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሦስት መስመር ይለጥፍ፦ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ነው? ቆላ ሄዶ ነበር? ጣፊያው ይዳሰሳል? ሦስቱም አዎ ከሆኑና ወባ ከሌለ፣ ወይም የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው፣ ያ ሰው ወደ ምርመራ ይላክ። ከዚህ በፊት ታክሞ የዳነውንም ሰው ፈጣኑ ምርመራ «አለበት» እንደሚለው፣ ስለዚህ ለአገረሸ በሽታ ያ ምርመራ እንደማይረባም አብሮ ይጻፍ።

ሪፈር ወረቀቱ ጋ እንምጣ። ታች ያለው የጤና መኮንን በሽተኛ ሲልክ ቅጽ ይሞላል፤ የቅጹ የታችኛው ክፍል ለግብረ መልስ የተተወ ነው። ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ተደረገለት፣ ክትትሉ የት ይቀጥል። ባዶውን ካርድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ላኪው የገመተው ልክ ይሁን ስሕተት ሳያውቅ ቀጣዩን ይልካል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የታቀፈ ገበሬ ያለ ሪፈር ከመጣ መድህኑ አይሸፍንለትም፣ ወይም በከፊል ብቻ ይሸፍንለታል፤ ስለዚህ ወረቀቱ እንደ ይለፍ ብቻ ይታያል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ይዞት ከሆስፒታል የወጣ ሰው ታች ሲመለስ ጤና ጣቢያው ምን መድኃኒት እንደተጀመረለት የሚያውቀው ከብልቃጡ ነው፤ ብልቃጡን ካልጣለው።

ይህን ለማስተካከል ሶፍትዌር አይጠበቅም። በሽተኛ ሲወጣ የመውጫ ማጠቃለያውን የሚጽፈው ኢንተርን ነው። ግብረ መልሷን ሳይሞላ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) አይፈርምለት። ወረቀቶቹ ሪፈር በሚያስተናግደው ላይዘን ክፍል በወረዳ ስም በተለዩ ሣጥኖች ይግቡ። የየወረዳው አምቡላንስ ወላድ አድርሶ ባዶውን ይመለሳል፤ ሾፌሩ የወረዳውን ሣጥን ይዞ ይሂድ፣ ጤና ጣቢያው ተረክቦ ይፈርም። አራት መስመር ለመጻፍ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የዋርድ ጫናን ምክንያት የሚያደርጉ አሉ፤ ጫናው እውነት ነው፤ ግን ከጫናው ከፊሉ የተሠራው ታች መታከም የሚችለው በሽተኛ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚላክ ነው።

ለምን እስካሁን አልሆነም? ሁለት ጌታ ስላለ። ዩኒቨርሲቲው በጀቱን የሚቀበለው ከፌዴራል ነው፣ ተጠሪነቱም ለትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ጤና ጣቢያው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና የክልሉ ጤና ቢሮ ነው። የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጤና ጣቢያውን ማዘዝ አይችልም፤ የወረዳው ኃላፊም መምህሩን መጠየቅ አይችልም። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመኪና ኪራይ ጨረታና የነዳጅ ግዢ ሲጓተት መስክ የሚወጣው ሚያዝያ ላይ ይሆናል፣ ሰኔ ላይ ሒሳብ ሊዘጋ ስለሆነ ሱፐርቫይዘሩ አንዴ ብቅ ብሎ ይመለሳል። አበል ዘግይቶ የደረሰው ተማሪም ጤና ጣቢያ ሳይሆን ከተማ ማደር ይመርጣል። በሰኔ አጋማሽ የቀጣዩ ዓመት ቀበሌዎች፣ ቀኖችና መኪናዎች የተጻፉበት፣ ዲኑም የወረዳው ጤና ኃላፊም የፈረሙበት ባለ ሁለት ገጽ ስምምነት ከኖረ ግዢው በሐምሌ መጀመር ይችላል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል፤ ተማሪን ወደ ማይታመን መንገድ ላክ የሚል የለም። በዚህ ጊዜ የከተማ ቀበሌዎች አሉ፣ የግብረ መልስ ወረቀቱ አለ፣ ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ ደውላ የምታማክረው ተረኛ ሬዚደንት መመደብም ይቻላል። መንገድ ሲከፈት የሚጀመር ሥራ ብቻ አይደለም ያለው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ውጤት ማን ይስጥ? የመስክ ውጤቱ ሁሉ በመምህሩ እጅ እስካለ ተማሪው የሚጽፈው ለመምህሩ ነው። ከ100 ውስጥ 20ው ለጤና ኬላው ይሁን ቢባል ደግሞ ባለሙያዋ የሰው ልጅ አታስቀይምም፤ ለሁሉም 20 ትሰጣለች። ስለዚህ ነጥብ አትጠየቅ፤ ሦስት ነገር ብቻ በአዎና በአይደለም ትመልስ። ካለፈው ዓመት የቀረውን ሥራ ቀጠሉ? ስሕተት ያገኙበትን ፎልደር ከአንቺ ጋር አርመው ሄዱ? ገጿን ለጠፉ? ከሦስቱ አንዱ እንኳ «አይደለም» ከሆነ ቡድኑ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይጨርስ።