የመጽሐፋችሁን ጠርዝ ተመልከቱ

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ሳትገልጡት በጎኑ አዙራችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ጣት ደጋግሞ የነካው ይጠቁራል፤ ያልተነካው ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል። የእኔን ባለፈው ሳምንት እንዲህ አይቼው አፈርሁ። መዝሙረ ዳዊትና ወንጌላት ወዝ ጠጥተዋል። ከሆሴዕ እስከ ሚልክያስ ያለው ግን ገና ዛሬ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ትንቢተ አሞጽን ስገልጥ ሁለት ቅጠሎች ተጣብቀው በጥፍሬ ለያየኋቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ግን «የእግዚአብሔር ቃል መመሪያዬ ነው» ስል ኖሬአለሁ።

መጽሐፉን እናከብረዋለን፤ እንስመዋለን፣ በራስጌያችን እናኖረዋለን፣ ጥቅሱን በስልክ እንላላካለን። አናነበውም እንጂ።

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን የኤርምያስን ቃል ከእኛ መካከል የማያውቅ ማን አለ? ለሠርግም ለምርቃትም እርሱ ነው። ከበላዩ ያለውን ቁጥር ያነበበው ግን ስንቱ ነው? ቃሉ የሚገኘው ነቢዩ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ወገኖቹ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ነው። ሐናንያ የተባለ ነቢይ ምርኮው በሁለት ዓመት ያበቃል እያለ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ ነበር። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት ነው አለ። ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ተክሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ብሎ ጻፈላቸው። ደብዳቤው ሲነበብ ቆሞ ይሰማ የነበረ የአርባ ዓመት ሰው መመለሱን በዓይኑ እንደማያይ ገብቶታል። ተስፋው እውነት ነበር፤ የሚደርሰው ግን ለልጅ ልጆቹ ነው። እኛ 70 ዓመቱን ቆርጠን ጥለን ተስፋውን ብቻ ወሰድን። ከዚያ የጠየቅነው በወሩ ሳይሆን ሲቀር «እግዚአብሔር ረሳኝ» ብለን እናለቅሳለን። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እርሱ ያልገባልንን ቃል ይዘን እኮ ነው የምንከስሰው!

የቁጥሩ አከፋፈል ራሱ ከሐዋርያት የመጣ አይደለም። ዛሬ የምንጠቀምበትን የሐዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ያወጣው ሮቤር ኤስቲየን የተባለ አታሚ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1551 ነበር። ቦታ ለማግኘት ጠቅሞናል፤ አልነቅፈውም። ጳውሎስ ግን የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ከሰላምታው እስከ ስንብቱ ይነበባል። ከእናቱ ደብዳቤ ደርሶት መካከሉን አንድ መስመር አንብቦ የሚያጥፍ ልጅ አላየሁም።

ቆርጦ መጥቀስን ማን እንደሚችልበትም አስታውሱ። በምድረ በዳ ጌታን የፈተነው ዲያብሎስ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሷል፤ «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ግን ዘልሎታል። ጌታ ሦስቱንም ጊዜ የመለሰለት «ተብሎ ተጽፏል» እያለ ነው፤ ሦስቱም መልሶች ከኦሪት ዘዳግም ናቸው። እስቲ የዘዳግማችሁን ጠርዝ ተመልከቱት።

ይህ ቸልታችን በጸሎት ጊዜ ብቻ የሚጎዳን ቢሆን ባላስቸገርኋችሁ ነበር። ጉዳቱ ገበያና መሥሪያ ቤት ድረስ ይከተለናል። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ትእዛዝ በመጀመሪያ የተጻፈው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነው። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። የሞያተኛው ዋጋ እስኪነጋ ድረስ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ደንቆሮውን አትስደብ፣ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር፣ በሐሜት አትዙር፣ ሚዛንህና መስፈሪያህ እውነተኛ ይሁን ይላል። ፍቅር እዚያ የተጻፈው በእነዚህ ሁሉ መካከል ነው። ቤታችሁ የምትሠራውን ልጅ ደመወዝ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያላችሁ የምታቆዩ፣ ያ ቃል ለእናንተ ነው። ሚዛኑን በጣታችሁ የምትጫኑ፣ ያላጣራችሁትን የሰው ገመና በስልክ የምታዳርሱ፣ ለእናንተም ነው። ፍቅርን በግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ሚዛኑን ከመጽሐፉ አታውጡት። እኔም ያበደርሁትን ገንዘብ ሰው ፊት እየጠየቅሁ ሰው አዋርጄ አውቃለሁ፤ በዚያን ቀን ጠዋት ዳዊት ደግሜ ነበር።

«አይገባኝም» የምትሉ አላችሁ። ለሕንደኬ ንግሥት ገንዘብ ኃላፊ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም አልገባውም ነበር። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው የሚመራው እንደሌለ ሳያፍር ነገረው፤ ሰረገላው ላይ አስወጥቶም ከጎኑ አስቀመጠው። ያላስተዋለውን ምዕራፍ ግን እያነበበ ነው የተገኘው። አስተማሪ ፈልጉ፤ ጠይቁ። ዓይናችሁን ግን ለአስተማሪ አታስረክቡ። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን የሚያህል መምህር ቆሞ ሲያስተምራቸው ነገሩ እንዲህ እንደ ሆነ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ ስለዚህም ልበ ሰፊዎች ተብለዋል።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ፣ ዛሬ ማታ የፊልሞናን መልእክት አንብቡ። 25 ቁጥር ብቻ ናት፤ ሻይ ሳይበርድ ታልቃለች። እስረኛው ጳውሎስ ከጌታው ከፊልሞና ስለ ተለየው ባሪያ ስለ አናሲሞስ ይለምናል፤ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ በገዛ እጁ ይፈርማል። እስከ መጨረሻው አንብቧት። ከዚያ ስልካችሁን አንሡና የተቀየማችሁትን ሰው ቁጥር ፈልጉ።