ችግሩ ሕጉ አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የቅጂ መብት ሕግ ጀማሪ ከያኒን እጅ ከወርች ያስራል ይላል። እኔን የገጠመኝ ግን ተቃራኒው ነው። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ አንድ ዓሣ አጥማጅ የተወሳሰበ መረቡን ሲፈታታ አነሳሁት። ብርሃኑ ልክ እስኪመጣልኝ አራት ጠዋት ተመላልሻለሁ። ከዚያ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ከወራት በኋላ ምሳ ልበላ አንድ ቤት ገብቼ ቀና ስል ፎቶዬ ግድግዳውን ሞልቶታል። ታች ጥግ ላይ የነበረው ስሜ ተቆርጦ ወጥቷል። የመረቡ ቀይ ገመድ ግን ያው ነው። ባለቤቱን ብጠይቀው «ከኢንተርኔት ነው ያወረድነው» አለኝ።

የቅጂ መብት ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን የማንም ንብረት አያደርግም። ያንኑ ሐይቅ፣ ያንኑ ጀልባ ማንም በራሱ ዓይን ማንሳት ይችላል። የማይፈቀደው የኔኑ ፎቶ ሳይጠይቁ ለንግድ ማባዛት ነው። ጥበቃውን ለማግኘት ደግሞ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ይሄን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ አልደብቅም። ደራሲ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቅለታል። ለፎቶ ግን ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። የኛ ድካም ያንሳል? ከሁሉ የሚከብደው ግን መክሰሱ ነው። ለጠበቃ የምከፍለው ከፎቶው ዋጋ ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ ምርጥ ምርጦቹን አልለጥፍም፤ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ናቸው። ሐይቁ ዳርም እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አልወርድም።