«መጀመሪያ ሮቦቱን ጨርሱ» የሚለው ምክር ይቁም

ሰሞኑን ለፈርስት ሌጎ ሊግ (ታዳጊዎች ከሌጎ ሮቦት ሠርተው የሚወዳደሩበት ውድድር) ቡድኖች በተሰጠ ገለጻ ላይ አንድ አሰልጣኝ «መጀመሪያ ጠንካራ ሮቦት ሥሩ፤ ስልቱ ጠረጴዛው ጋ ስትደርሱ ይመጣል» ብለው መከሩ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። የታዳጊዎችን የወራት ልፋት ገደል የሚከት ምክር ነው።

ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ደግሞ ከምክሩ ይብሳል፦ «ጥሩ ሮቦት የትኛውንም ሚሽን ይሠራል።» (ሚሽን የሚባለው ሮቦቱ ጠረጴዛው ላይ ነጥብ ለማግኘት የሚሠራው ተግባር ነው።) የትኛው ሮቦት ነው እሱ? የስፓይክ ፕራይም ሃብ፣ ማለትም የሌጎ ሮቦቱ አንጎል፣ ያለው ስድስት መሰኪያ ነው፤ ደንቡም ከአራት ሞተር በላይ አይፈቅድም። ሁለት ሞተር ለጎማ፣ ሁለት ለአታችመንት (ሚሽን ለመሥራት ሮቦቱ ላይ የሚገጠም ተቀያያሪ መሣሪያ)፣ ሁለት የቀለም ሴንሰር፤ አለቀ፣ መሰኪያው ሞላ። ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚተው ሳይወሰን የሚገጣጠም ሮቦት ሁሉንም ጀምሮ አንዱንም አይጨርስም።

ጊዜውን እናስላው። ጨዋታው 150 ሰከንድ ነው። ሮቦቱ ከመነሻው ስድስት ጊዜ ከወጣ አታችመንት አምስት ጊዜ ይቀየራል። አንዱ ቅያሪ 10 ሰከንድ ቢፈጅ 50 ሰከንድ፣ ማለትም የጨዋታው ሲሶ፣ ፒን በመንቀልና በመሰካት ያልቃል። ሚሽኖቹ በነጥባቸው ብዛት ሳይሆን በሚገኙበት ቦታ ተቧድነው ጉዞው ወደ አራት ቢወርድ ቅያሪው ሦስት ይሆናል። አታችመንቱ ያለ ፒን ከላይ ተቀምጦ በራሱ ክብደት ጊር ከጊር የሚነክስ ከሆነ ደግሞ ለአንዱ 3 ሰከንድ ይበቃል፤ በድምሩ 9። 41 ሰከንድ ተረፈ ማለት ነው! ግን ጊሮቹ የሮቦቱ አናት ላይ የት እንደሚቀመጡ የሚወሰነው ሻሲው ሲታሰብ ነው። ዘግይቶ የመጣ ስልት ሻሲውን ያስፈርሳል፤ ሻሲው ሲፈርስ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይቀየራል፤ ያኔ የተጻፈው ኮድ ሁሉ እንደገና መስተካከል አለበት።

ደካማ ሻሲ ስልትን እንደሚያበላሽ አይካድም። ጥንካሬውም ቢሆን የሚለካው በተመረጠው ሚሽን ነው። ከአሥር ሙከራ አራቴ የሚሳካ ባለ 30 ነጥብ ሚሽን በአማካይ 12 ነጥብ ያስገኛል፤ ዘጠኝ ጊዜ የሚሳካው ባለ 20 ግን 18። የከሸፈው ሚሽን ሮቦቱን ሜዳ ላይ ካስቀረው ደግሞ በእጅ ማንሳት ግድ ነው፤ በእጅ በተነሳ ቁጥር ከስድስቱ የፕሪሲሽን ቶክኖች (ጨዋታው ሲጀመር ለቡድኑ የሚሰጡ፣ የተረፉት መጨረሻ ላይ ነጥብ የሚያስገኙ) አንዱ ይሄዳል። ስድስቱም ሲኖሩ 50 ነጥብ የነበረው፣ ሦስት ሲቀሩ 25 ብቻ ነው።

የሮቦት ዲዛይን ዳኞች መመዘኛ ቅጽ ገና ከመጀመሪያው የሚጠይቀው ስለ ሚሽን ስልት ነው። አሰልጣኙ ይህን አንብበው ከሆነ ለምን ከልጆቹ ደበቁት? ካላነበቡት ደግሞ መድረኩን ማን ሰጣቸው?