ባርጌስት

ባለፈው እሑድ ደሴ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ከስልኩ ያነበበውን ቃል ጮክ ብሎ ሲናገር ከመካከላችን ለመረዳት የተቸገረ አልነበረም። «ባርጌስት» ሲል ሁላችንም ከታች ባር፣ ከላይ ገስት ሀውስ የሆነ አዲስ ሕንፃ የተከፈተ መሰለን፤ አንድ ጎረቤታችንማ አልጋው ስንት እንደሆነ ጠየቀ።

ልጁ አስረዳን። ባርጌስት በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይም በዮርክሻየር፣ በአፈ ታሪክ የሚነገርለት፣ ዓይኑ እንደ ፍም የሚነድ ጥቁር የአጋንንት ውሻ ሲሆን፣ መታየቱ የሞት ምልክት ነው። የቃሉ ምንጭ እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ያከራክራል፤ «ጌስት» የሚለውን «መንፈስ» ከሚል ቃል ጋር የሚያዛምዱ አሉ፤ ከአልጋ ኪራይ ጋር ያዛመደው ግን ጎረቤታችን ብቻ ነው።

አክስቴ የውሻ ጋኔን አልዋጥ አላት። በእኛ አገር ይህ ሥራ የጅብ ነውና፤ ቡዳውም ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል እንጂ ውሻ ሆኖ ወጣ ሲባል አልሰማንም። ውሻማ ጅቡ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ድምፁን አጥፍቶ የሚተኛ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ተብሎ የተተረተበት ምስኪን ነው።

ልጁ ግን ቀጠለ። በሊድስ አካባቢ ታዋቂ ሰው ሲሞት ባርጌስቱ ብቅ ይላል፤ የከተማው ውሾች ሁሉ እያላዘኑ ይከተሉታል፤ በመንገዱ የቆመውን ሰውም በመዳፉ ከመታው ቁስሉ አይሽርም። ይህን ጊዜ የአክስቴ ፊት በራ። «ታዲያ ይኼ የቅሬው ጡሩምባ ነፊ አይደለም እንዴ!»

እውነቷን ነው። በእኛ በወሎ ዕድሩን ቅሬ እንለዋለን፤ ጡሩምባ ነፊውም ሞት ይለፍፋል፣ ሰፈሩን አስከትሎ ይሄዳል፤ ቁስሉም ቢሆን፣ ከቀብር ቀርቶ በቅሬው የተቀጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ልዩነቱ የእነርሱ የሚጮኸው ለታዋቂ ሰው መሆኑ ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ፣ ሀብታም ድሃው በአንድ ቅሬ በሚቀባበርበት ወሎ እንዲህ ያለ አድልዎ ያደረገ ለፋፊ በማግስቱ ጡሩምባውን ይቀማል። ባርጌስት ወራጅ ውሃ መሻገር አይችልም የሚባለውን ስትሰማማ አክስቴ ጨርሳ ናቀችው። «ቦርከናን ካልተሻገረ የኮምቦልቻውን ለቅሶ ማን ይጠራል?»

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በሰፈራችን ሥራ አልፈታም። በሰው ሒሳብ የሚጠጣውን ባርጌስት የሚሉት አሉ፤ ይህ ከባሩ የመጣ ትርጉም ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። ዋናው ትርጉም ግን ለጡሩምባ ነፊያችን ጸና፤ እኛም እንዳይሰማ ስንጠነቀቅ ከረምን።

ሰማ። ይቆጣል ብለን ስንፈራ፣ የእህቴን ልጅ ለብቻው ጠርቶ የእንግሊዙ ውሻ አበል ይታሰብለት እንደሆነ ጠየቀው። እንደማይታሰብለት ሲነገረውም ጡሩምባውን በብብቱ ሸጉጦ ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ምን አስጮኸው?» አለ።