መድኃኒት የለመደ ሰውነት የለም

«ያ አንቲባዮቲክ አይሠራልኝም፤ ሰውነቴ ለምዶታል» የሚል ሰው ያላጋጠመው ማን አለ? ባለሙያዎችም ብንሆን «ጀርሞች መድኃኒት ተላመዱ» እያልን እንጽፋለን። ቃሉ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። አንቲባዮቲክ የሚመታው ባክቴሪያን ስለሆነ ሰውነት የሚለምደው ነገር የለም። ባክቴሪያውም ቢሆን አይለምድም። መልመድ ቀስ በቀስ እየቀመሱ መቻል ነው፤ እዚህ የሚሆነው ግን የማይችሉት አልቀው፣ ድሮም የሚችሉት ቀርተው መራባታቸው ነው።

ይህ በሙከራ የታየ ነገር ነው። የባክቴሪያ ተመራማሪዎቹ ጆሹዋ እና ኤስተር ሌደርበርግ በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን በከፋይ ጨርቅ ላይ ተጫኑት። ጨርቁ እንደ ማኅተም ባክቴሪያዎቹን በየቦታቸው እንደያዘ ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ወዳለባቸው ሳህኖች አሻገራቸው። የተረፉት በየሳህኑ የታዩት በዚያው በአንድ ቦታ ነበር። ተመራማሪዎቹ ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመልሰው ከዚያ ቦታ ላይ መድኃኒት ያልነካቸውን ወሰዱ። ይህንኑ ደጋግመው፣ መድኃኒቱን አንዴም ሳያገኙ የሚቋቋሙትን ባክቴሪያዎች ለይተው አወጡ።

ታዲያ የሚቋቋሙት ምን ስላላቸው ነው? መልሱ መድኃኒቱ በሚመታው ቦታ ላይ ይመሠረታል። ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን የባክቴሪያውን ግድግዳ ክሮች የሚያያይዘውን ኢንዛይም ያስራሉ፤ ግድግዳው ሲላላ ባክቴሪያው በውስጡ ባለው ግፊት ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይነካም። ዶክሲሳይክሊንና አዚትሮማይሲን ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይይዛሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ዲኤንኤ እንዳይገለበጥ ያደርጋል። ቫይረስ የራሱ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም። ለጉንፋን የሚዋጥ አንቲባዮቲክ የሚመታው ዒላማ የለውም የምንለው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ባክቴሪያ አሞክሲሲሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመርታል። ክላቩላኒክ አሲድ ከአሞክሲሲሊን ጋር በአንድ ኪኒን የሚቀመመው ይህን ኢንዛይም ለማሰር ነው። የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነውን ሜቲሲሊንን የሚቋቋመው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ በደንብ የማይይዘው ሌላ የግድግዳ ኢንዛይም አለው። ስለዚህ ክላቩላኒክ አሲድ ቢጨመርም ባይጨመርም ለእሱ ለውጥ የለውም። «ጠንከር ያለውን ስጡኝ» የሚል ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው የጥንካሬ ሳይሆን የመግጠምና ያለመግጠም ነው።

ቁጥሩን ለማየት ከሳንባ ነቀርሳ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከመድኃኒቶቹ መካከል ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ባክቴሪያ በግምት ከ100 ሚሊዮን አንዱ፣ አይሶናያዚድን የሚቋቋም ከ1 ሚሊዮን አንዱ ነው። በሳንባ ውስጥ ያለ አንድ ቁስል 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል፣ በአንድ መድኃኒት ብቻ ማከም የሚቋቋሙትን ዘርቶ እንደማጨድ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ግን ከ100 ትሪሊዮን አንድ ነው። የተለመደው ሕክምና በ4 መድኃኒት ለ2 ወር ተጀምሮ በ2 መድኃኒት ለ4 ወር የሚቀጥለው በዚህ ስሌት ነው። እዚህ ማቋረጥ በእርግጥ አደገኛ ነው።

ይሁንና «የታዘዘውን ሳታቋርጡ ጨርሱ» የሚለውን ምክር ለሁሉም በሽታ ማዳረስ ስህተት ይመስለኛል። በብዙዎቹ የተለመዱ ኢንፌክሽኖች የማይችሉትን አጥፍቶ የሚቋቋሙትን የማስቀረቱ ትልቁ ሥራ የሚካሄደው በታመመው ቦታ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ባሉት፣ ምንም ባላጠፉት ባክቴሪያዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን የሚቋቋሙትን ያበዛል፤ እነሱም ሕክምናው ካበቃ በኋላ ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። በሳንባ ምች የተያዘ አዋቂ ሁኔታው ከተረጋጋ 5 ቀን ብዙውን ጊዜ እንደሚበቃ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ሐኪም 10 ቀን ሲያዝ «5 ቀን አይበቃም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በራስ ማቋረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

አወሳሰድ ላይም ብዙ ይበላሻል። አሞክሲሲሊን በ1 ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘውን በቁርስ፣ በምሳና በራት ሰዓት ብቻ የሚውጥ ሰው ባክቴሪያውን ሌሊቱን ሙሉ ያሳርፈዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ጋር ሲዋጥ ካልሲየሙ ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ናሙና ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አብቅሎ ለመለየት፣ የሚሰጠውም ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ነው፤ ከዋጡ በኋላ ቢሰጥ ባክቴሪያው ሳይጠፋ ውጤቱ «አልበቀለም» ሊል ይችላል።

«አንድን መድኃኒት ለጥቂት ዓመታት ብናቆመው ይታደሳል» የሚል ተስፋም እሰማለሁ። አንዳንዴ በከፊል ይሆናል። ነገር ግን የመቋቋሚያ ዘረ-መሎች ብዙውን ጊዜ ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚተላለፍ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ተያይዘው ይቀመጣሉ። አንዱን መድኃኒት አቁመን ሌላውን ስንሰጥ፣ የሚሰጠውን የሚቋቋመው ዘረ-መል ከጎኑ ያለውን የቆመውን መቋቋሚያ አብሮ ያኖረዋል።