ምስል ብቻውን ጌም አያደርግም

ጥሩ ጌም ማለት ግራፊክሱ (ምስሉ) ያማረ ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እኔ አልስማማም። ቴትሪስን እዩት፤ ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን ክፍተት ሳይተዉ የመደርደር ጌም ነው። ፕሮግራመሩ አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው፣ ኤሌክትሮኒካ 60 የሚባለው ኮምፒውተሩ ከጽሑፍ በቀር ምንም አያሳይም ነበር። ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ነው የሠራቸው! ቅርጾቹ 7 ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ4 ካሬ የተገጠሙ። ማንም ሳያስረዳህ በአንድ ደቂቃ ይገባሃል። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ጉድ ይፈላል። ስትሸነፍ ደግሞ የምትወቅሰው የለም። ያቺን ረጅሟን ጡብ እጠብቃለሁ ብለህ ክፍተት የተውከው አንተው ነህ። "አንድ ዙር ብቻ" ብዬ ጀምሬ ስንቴ እራቴ ቀዝቅዟል መሰላችሁ። በቀደም ስልኬን የሞላውን፣ ምስሉ ፊልም የሚመስለውን አዲስ ጌም ግን በሁለተኛው ቀን አጠፋሁት።